«አማራጭ ነው» ብሎ ዝም ማለት አይበቃም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። የቴክኖሎጂ ገጻችሁን ሳላነብ ጋዜጣውን አጥፌ አላውቅም። ስለ ስልኮች፣ ስለ አፕሊኬሽኖች፣ ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ብዙ ጽፋችኋል፣ ጥሩ ነው። ግን የተጻፈው ኮድ ወደሚሠራ ፕሮግራም የሚለወጥበት መሣሪያ፣ እኛ «ቢልድ ቱል» የምንለው፣ አንድም ቀን ስሙ ሲነሳ አላየሁም። የእኔ ሥራ እዚያ ላይ ነው። ቀኑን ሙሉ ቢልድ ሳስሮጥና የተበላሸ ቢልድ ስጠግን ነው የምውለው። ስለዚህ ለዓመታት ሲያንገበግበኝ የኖረ አንድ ጉዳይ ልጻፍላችሁ።

ማንኛውም ቢልድ ቱል ዋና ክፍል አለው፣ አማራጭ ክፍልም አለው። ዋናው መሣሪያውን ስታወርዱ አብሮ ይመጣል፣ ከሌላ ሰው ምንም ሳይጠብቅ ይሠራል። ኮድ ኮምፓይል ያደርጋል (ማሽን ሊያስሮጠው ወደሚችል መልክ ይለውጣል)፣ ፋይል ይገለብጣል፣ ዚፕ ያደርጋል። አማራጩ ግን ሌሎች ሰዎች የጻፉት ላይብረሪ፣ ማለትም ተዘጋጅቶ የተቀመጠ የኮድ ስብስብ፣ ያስፈልገዋል። ላይብረሪው ካለ ይሠራል፣ ከሌለ አይሠራም። ይሄ ማንንም አይጎዳም። ጣጣው የሚመጣው ላይብረሪው ሳይኖር ሲቀር ነው፤ አንዳንዱ መሣሪያ ቆም ብሎ «ይሄ ጎድሎኛል» ይላል፣ አንዳንዱ ደግሞ ድምፁን አጥፍቶ ያልፍና ሥራውን የጨረሰ መስሎ ይወጣል። እኔ የምለው ያ ድምፅ አጥፍቶ ማለፍ ይቅር ነው።

አፓቺ አንትን ልውሰድ። ጃቫ ለሚባለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ የተሠራ ቢልድ ቱል ነው፣ ራሱን ችሎ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። ዛሬ ብዙው ሰው ወደ ሌሎች ቢልድ ቱሎች፣ ወደ ሜቨንና ወደ ግሬድል፣ ሄዷል፣ ግን ዕድሜ ጠገብ ፕሮጀክቶች ውስጥ አንት አሁንም አለ። የአንት ሰዎች መሣሪያው የሚሠራቸውን ሥራዎች፣ እነሱ «ታስክ» ይሏቸዋል፣ ከጥንት ጀምሮ ዋናና አማራጭ ብለው ለይተዋቸዋል። መመሪያው ውስጥ አንድ ሰንጠረዥ አለ። የላይብረሪው ስም፣ ለየትኛው ታስክ እንደሚያስፈልግ፣ ከየት እንደሚገኝ ተጽፎበታል። ቴስት ለማስሮጥ ጄዩኒት። በኤስኤስኤች፣ ከሩቅ ሰርቨር ጋር በምስጢር በሚያገናኘው መንገድ፣ ፋይል ለመላክ ጄኤስሲኤች። ለኤፍቲፒ፣ ለሌላው የፋይል መላኪያ መንገድ፣ ኮመንስ ኔት። መጀመሪያ አካባቢ አማራጮቹ ሁሉ አንድ ጃር ፋይል (የጃቫ ኮድ የሚታሸግበት ፋይል) ውስጥ ታጭቀው ነበር፤ ከቨርዥን 1.6 ጀምሮ ግን አንድ ዓይነት ላይብረሪ የሚፈልጉት አንድ ላይ እየሆኑ የየራሳቸው ጃር ወጣላቸው። ትንሽ ነገር ትመስላለች። ግን ከዚያ በኋላ የትኛው ጃር የትኛውን ላይብረሪ እንደሚፈልግ ከስሙ ብቻ ማወቅ ተቻለ።

አብሮኝ የሚሠራ አንድ ልጅ የገጠመውን ልንገራችሁ። ተመርቆ ከወጣ ዓመት አልሞላውም፣ ጎበዝ ነው። ቢልዱ በላፕቶፑ ላይ ምንም ሳይል ያልቃል። ያንኑ ኮድ፣ በዚያው የአንት ቨርዥን፣ ቢልድ ሰርቨሩ ላይ ሲያስሮጠው ኮምፓይሉም ቴስቱም አልፎ የማታ ማታ የተሠራውን ፋይል ወደ መሞከሪያው ሰርቨር መላክ ላይ ሲደርስ ይወድቃል። አንድ ቀን ለፋ። ከዚያ ኢረሩ (የስህተት መልእክቱ) ላይ የተጻፈውን አንብቦ የጎደለውን የአማራጭ ታስኮች ጥቅል አስገባ። እንደገና አስሮጠው፣ እዚያችው ቦታ ላይ ወደቀ። ጥቅሉ በትክክል አልገባ ይሆናል ብሎ አነሳው፣ መልሶ አስገባው፣ ደግሞ አነሳው። በሁለተኛው ቀን ማታ ዓይኑ ቀልቶ ወደ ጠረጴዛዬ መጣ።

«እስቲ ኢረሩን ከላይ ጀምረህ አንብብልኝ» አልኩት። «ያው ነው እኮ፣ ትናንትም ይሄው ነው» አለኝ። አይደለም። የመጀመሪያው ቀን መልእክት በግርድፉ ሲተረጎም «ይህ ከአንት አማራጭ ክፍሎች አንዱ ይመስላል፤ ተገቢው ጃር በእነዚህ ቦታዎች መኖሩን አረጋግጥ» ይልና የሚፈለግባቸውን ፎልደሮች አንድ በአንድ ይዘረዝራል። የሁለተኛው ቀን መልእክት ግን ሌላ ነበር፦ «የአንት አማራጭ ጃሮች መኖራቸው ብቻውን አይበቃም፣ እነሱ የሚደገፉባቸው ጃሮችም ያስፈልጋሉ»። ሁለቱም ቀይ ናቸው፣ ሁለቱም ረጅም ናቸው፣ የሚጀምሩትም «ታስኩን መፍጠር አልተቻለም» በሚል ተመሳሳይ መስመር ነው። ልጁ የመጀመሪያዋን መስመር አይቶ ነበር የሚመለሰው። አንደኛው መልእክት ስለ አማራጩ ክፍል ነው፣ ሁለተኛው አማራጩ ክፍል ስለሚፈልገው ላይብረሪ ነው። አማራጩን ክፍል አስገብቷል፣ ጄኤስሲኤች ግን የለም። ጃሩን አመጣን፣ ቢልዱ አለቀ።

ግን እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ሌላው ጥያቄ ነው። ታዲያ ላፕቶፑ ላይ እንዴት ሠራ? አንት «ዲያግኖስቲክስ» የሚል ትእዛዝ አለው፤ ስታዙት በየትኛው ፎልደር የትኛው ጃር እንዳለ፣ የትኛው ታስክ ዝግጁ እንደሆነና የትኛው ምን እንደጎደለው ዘርዝሮ ያወጣል። በላፕቶፑ ላይ አስሮጥነው። በተጠቃሚው የግል ፎልደር ውስጥ ስሙ በነጥብ የሚጀምር፣ ስለዚህም ለዓይን የማይታይ ፎልደር አለ፤ አንት ጃሮችን እዚያም ይፈልጋል። ጄኤስሲኤች እዚያ ተቀምጧል። ላፕቶፑን ከልጁ በፊት ይሠራበት የነበረ ሰው ነው ያስቀመጠው። ሰውየው ሥራ ከለቀቀ ቆይቷል፣ የትም ቦታ አልጻፈውም፣ ፕሮጀክቱ ውስጥ የዚያ ጃር ስም አንድም ቦታ አይገኝም። አንድ የማይታይ ፎልደር የፕሮጀክቱን አንድ ክፍል ተሸክሞ ይኖር ነበር ማለት ነው። ላፕቶፑ ቢበላሽ ኖሮ «ድሮ እኮ ይሠራ ነበር» ከማለት ውጭ የሚያስረዳን ሰው አልነበረም።

ስለ አንት ይሄን ሁሉ የምጽፈው ልወቅሰው አይደለም። እንዲያውም በዚህ ጉዳይ ላመሰግነው ነው። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ፣ የማያውቀው ሌላ ሰው አንድ ቀን እዚህ ቦታ ላይ ተጣብቆ ግራ እንደሚገባው አስቦ፣ «ይሄ አማራጭ ክፍል ነው፣ እዚህና እዚህ ፈልገው» የሚል ዓረፍተ ነገር ጽፏል። ሌላውን ጉድለት ደግሞ ለብቻው ለይቶ ጽፎታል። ለተጠቃሚ መጨነቅ ማለት ለእኔ ይሄ ነው።

አሁን ደግሞ ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ከምንጭ ኮዱ እንሥራው። ፓይተን ዋናው ክፍሉ አለ፣ ከሱ ጋር ግን በማሽኑ ላይ ባሉ ሌሎች ላይብረሪዎች ላይ የሚደገፉ ሞጁሎች፣ ማለትም ተጨማሪ ክፍሎች፣ አሉ። ምስጢራዊ ግንኙነት በኦፕንኤስኤስኤል ላይ፣ ዳታቤዙ በኤስኪውላይት ላይ፣ የፋይል መጭመቂያዎቹም እንዲሁ። ላይብረሪው ከጠፋ ፓይተን ያንን ሞጁል ትቶ መሠራቱን ይቀጥላል። መጨረሻ ላይ «እነዚህን አማራጭ ሞጁሎች ለመሥራት የሚያስፈልገው አልተገኘም» ብሎ ስማቸውን ይደረድራል፣ ይሄን አልክድም። ግን ቢልዱ የተሳካ ሆኖ ነው የሚጨርሰው። ከዚያ የማስገቢያው ትእዛዝ ይከተላል፣ ሺህ መስመር ይጎርፋል፣ ያቺ ማስታወቂያ ወደ ላይ ተገፍታ ትጠፋለች። ዛሬ ደግሞ ቢልድ የሚያስሮጠው ሰው ሳይሆን ስክሪፕት፣ በራሱ የሚሮጥ የትእዛዞች ዝርዝር፣ ነው። ስክሪፕት «ተሳክቷል» ወይስ «አልተሳካም» ብቻ ነው የሚያየው።

እኔ ራሴ በዚህ ተቃጥያለሁ። ሰርቨር ላይ ፓይተን ሠራሁ፣ ሁሉም አረንጓዴ፣ ፕሮግራሙ ለሳምንታት ያለ እንከን ሄደ። አንድ ሌሊት ላይ በሌላ ዓይነት መጭመቂያ የታጨቀ ፋይል መጣለትና «እንዲህ የሚባል ሞጁል የለም» ብሎ ቆመ። የጎደለው የዛሬ ስንት ሳምንት ነው፣ የተነገረኝ ዛሬ ሌሊት ነው። ላይብረሪውን አስገብቶ ፓይተንን እንደገና መሥራት የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። የሚያናድደው ያ ግማሽ ሰዓት ሳይሆን ሊነገረኝ በሚገባው ቀን አለመነገሩ ነው።

የዚህ ተቃራኒ የሆነ ሌላ ጣጣ አለ፣ እሱ ይብሳል ባይ ነኝ። በሲ ቋንቋ የተጻፉ ብዙ ፕሮግራሞች ከመሠራታቸው በፊት «ኮንፊገር» የሚባል ስክሪፕት ማሽኑን ይፈትሻል። አንድ አማራጭ ላይብረሪ ካገኘ፣ ማንም ሳይጠይቀው አብሮ ያያይዘዋል። ካላገኘ ይተወዋል። በዚህ የተነሳ አንድ ኮድ በሁለት ማሽኖች ላይ ሁለት የተለያዩ ፕሮግራሞች ይሆናል፣ ሁለቱም ስማቸውና ቨርዥናቸው አንድ ነው። ጄንቱ በሚባለው የሊኑክስ ስርጭት ላይ የሚሠሩ ሰዎች ለዚህ ስም አውጥተውለታል፣ «አውቶማጂክ» ይሉታል፣ እንደ ጉድለትም ነው የሚቆጥሩት። መፍትሔውን እነሱ ቀድመው ተናግረዋል፤ ተጠቃሚው «ይሄን አማራጭ እፈልጋለሁ» ካለና ላይብረሪው ከሌለ ቢልዱ እዚያው ይቁም፤ «አልፈልግም» ካለ ደግሞ ላይብረሪው ማሽኑ ላይ ቢኖርም አይነካ። እኔ በዚህ ላይ የምጨምረው ነገር የለኝም።

«ይሄ የባለሙያዎች የርስ በርስ ጉዳይ ነው፣ ለጋዜጣ ምኑ ነው?» የሚል ካለ የኤክስዚን ታሪክ ያስታውስ። እ.ኤ.አ. ማርች 29 ቀን 2024 አንድሬስ ፍሮይንድ የሚባል የፖስትግሬስ ዳታቤዝ ባለሙያ ኤክስዚ በተባለው የፋይል መጭመቂያ ላይብረሪ ውስጥ፣ በቨርዥን 5.6.0 እና 5.6.1፣ ሆን ተብሎ የተቀበረ የጀርባ በር ማግኘቱን ይፋ አደረገ። ነገሩን የጠረጠረው በኤስኤስኤች ወደ ሰርቨር መግባት ግማሽ ሰከንድ ያህል ስለዘገየበት ነበር። አሁን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ኦፕንኤስኤስኤች፣ በኤስኤስኤች ለመግባት የሚያገለግለው ፕሮግራም፣ ራሱ ኤክስዚን አይጠቀምም። አንዳንድ የሊኑክስ ስርጭቶች ግን አገልግሎቱ ሲነሳ «ዝግጁ ነኝ» ብሎ ለሲስተምዲ፣ ሊኑክስ ላይ አገልግሎቶችን ለሚያስነሳው ፕሮግራም፣ እንዲናገር ፈልገው የሲስተምዲን ላይብረሪ ቀጠሉበት። የሲስተምዲ ላይብረሪ ደግሞ ሎግ (የሥራ መዝገብ) ለመጭመቅ ኤክስዚን ይፈልግ ነበር። በዚህ መንገድ ዓለም ሁሉ ወደ ሰርቨሩ የሚገባበት በር፣ ምንም ከማይሠራለት የመጭመቂያ ላይብረሪ ጋር ተሳሰረ። «ዝግጁ ነኝ» ለምትል አንዲት መልእክት ሲባል!

የተንኮሉ መደበቂያ ደግሞ ቢልዱ ራሱ ነበር። ለማውረድ በተዘጋጀው ጥቅል ውስጥ አንድ የተነካካ የቢልድ ስክሪፕት ገብቷል፣ ያ ስክሪፕት በይፋዊው የኮድ ማከማቻ ላይ የለም፤ ቢልዱ ሲሮጥ የመሞከሪያ ፋይል መስለው ከተቀመጡ ፋይሎች ውስጥ ኮድ እያወጣ ላይብረሪው ውስጥ ይቀብራል። ኮዱን ብቻ ያነበበ ሰው አያገኘውም። ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. ጁላይ 2024 የወጣው ኦፕንኤስኤስኤች 9.8 ያቺን መልእክት በራሱ ኮድ መላክ ጀመረ፣ የሲስተምዲ ላይብረሪም አላስፈለገውም። ሲስተምዲም በበኩሉ መጭመቂያዎቹን ሁልጊዜ አብሮ ከማሰር ይልቅ በሚያስፈልጉበት ጊዜ ብቻ ወደ መጫን ዞሯል።

ቃሉ ራሱም ያምታታል። ሜቨን ላይ አንድን ላይብረሪ «ኦፕሽናል» ብላችሁ ምልክት ስታደርጉበት ብዙ ሰው የሚረዳው «ባይኖርም ግድ የለም» ብሎ ነው። ትርጉሙ ግን እንደዚያ አይደለም። ምልክቱን ያደረገው ፕሮጀክት ራሱ ሲሠራ ያ ላይብረሪ የግድ ያስፈልገዋል። አማራጭ የሚሆነው ያንን ፕሮጀክት ለሚጠቀሙት ነው፤ ሜቨን ለእነሱ በራሱ አያወርድላቸውም፣ ከፈለጉ ራሳቸው መጥቀስ አለባቸው። ካልጠቀሱ ኮምፓይል ይሆናል፣ ይታሸጋል፣ ሰርቨር ላይ ይወጣል፣ ከዚያ አንድ ተጠቃሚ ያንን አማራጭ ክፍል የሚነካ ቁልፍ ሲጫን «ክላሱ አልተገኘም» ይላል። ኤንፒኤም በሚባለው የጃቫስክሪፕት መሣሪያ ላይ ደግሞ ያው ቃል ሌላ ነገር ነው፤ አማራጭ የተባለው ጥቅል መግባት ቢያቅተው ኤንፒኤም ምንም እንዳልሆነ ሥራውን ይቀጥላል። አንድ ቃል፣ ሁለት መሣሪያ፣ ሁለት ትርጉም። አዲስ የሚገባ ልጅ ይሄን ከየት ይወቀው?

ዋና የነበረው አማራጭ የሚሆንበት ጊዜም አለ። ጃክስቢ የሚባለው ኤክስኤምኤልን ከጃቫ ጋር የሚያገናኘው ክፍል ለዓመታት ከጃቫ ጋር አብሮ ይመጣ ነበር። በጃቫ 9፣ እ.ኤ.አ. በ2017፣ «ሊወጣ ነው» ተባለ፣ በ2018 በጃቫ 11 ወጣ። አስቀድሞ መነገሩ ጥሩ ነው። ቢሆንም ስንት ቢልድ በአንድ ቀን እንደተሰበረ በዚያ ወቅት የሠራ ሰው ያውቀዋል፤ በዋናው ክፍል ላይ መደገፋችንን ራሱ አናውቀውም ነበርና።

«ታዲያ ሁሉንም ዋና አድርጎ አብሮ ማውረድ አይሻልም?» የሚሉኝ አሉ። አይሻልም። የላይብረሪዎቹ ፈቃድ ከመሣሪያው ፈቃድ ጋር የማይሄድበት ጊዜ አለ፣ አብሮ ማሰራጨት አይቻልም። ደግሞ በየጥቅሉ ውስጥ የሚገባ እያንዳንዱ ላይብረሪ ነገ የደህንነት ቀዳዳ ሊገኝበት የሚችል ነው። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2021 ሎግፎርጄ የሚባለው የጃቫ ላይብረሪ ቀዳዳ ሲታወቅ ብዙ ቡድን የመጀመሪያ ሥራው ማስተካከል አልነበረም፣ «እኛ ጋ አለ ወይ?» የሚለውን ማጣራት ነበር። ላይብረሪው በላይብረሪ ውስጥ፣ እሱም በሌላ ላይብረሪ ውስጥ ሆኖ ገብቷል። ማንም አልጠራውም፣ ግን አለ። ስለዚህ አማራጭ አማራጭ ሆኖ ይቅር፣ ዋናውም ትንሽ ይሁን፣ በዚህ ከማንም ጋር አልጣላም።

የምለምነው ይሄን ነው። ቢልድ ቱል የምትሠሩ ሰዎች፣ ቢልዱ ገና ሲጀምር ምን እንደተገኘ፣ ምን እንደጎደለ፣ በዚህም ምክንያት የትኛው ክፍል እንደማይሠራ አሳዩን፤ መጨረሻ ላይ ከሺህ መስመር በታች አትቅበሩት። ኢረር ስትጽፉ የጎደለውን ስም፣ የፈለጋችሁበትን ቦታና ከየት እንደሚገኝ አብራችሁ ጻፉ። ፕሮጀክት የምትመሩ ደግሞ፣ ቢልዱን ምንም ነገር ባልተጫነበት ባዶ ማሽን ላይ ቢያንስ በየሳምንቱ አንድ ጊዜ አስሩጡት። በማይታዩ ፎልደሮች ውስጥ የተደበቀ ነገር ካለ ያኔ ይወጣል። እኛ ያንን ጄኤስሲኤች ካገኘን በኋላ የመጀመሪያ ሥራችን ከልጁ የግል ፎልደር አውጥተን በፕሮጀክቱ ውስጥ በስሙና በቨርዥኑ መጻፍ ነበር። ከዚያ የላፕቶፑን የማይታይ ፎልደር ባዶ አድርገን ቢልዱን እንደገና አስሮጥነው። በሦስተኛው ሙከራ አለቀ፤ ሁለቱ የወደቁት ሌላ ሁለት ጃር እዚያው ተደብቆ ስለነበረ ነው።

እናንተን ደግሞ፣ ውድ አዘጋጆች፣ ለዚህ ዓይነቱ ጉዳይ አልፎ አልፎ ግማሽ ገጽ ስጡት። ፕሮግራሚንግ የሚማሩ ብዙ ወጣቶች ገጻችሁን ያነባሉ፣ ኮድ መጻፍ ይማራሉ፣ ቢልድ ግን የሚያስተምራቸው የለም፣ እንደዚያ ልጅ ሁለት ቀን ተቃጥለው ነው የሚማሩት። የምትፈቅዱ ከሆነ ለመጻፍ ዝግጁ ነኝ። በመጀመሪያው ጽሑፍ እነዚያን ሁለት የአንት መልእክቶች ጎን ለጎን አስቀምጬ መስመር በመስመር ማንበብ እፈልጋለሁ።

አክባሪያችሁ፣
አንድ የቢልድ ባለሙያ